ወራጅ አለ

«እማዬ፣ አንቺ ጸዳለን ስትወጂያት ምኗን ነው የወደድሽው?»

ሐመልማል ያን ቀን ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበራትም። ልጇ ቤቴል ሃያ ዓመቷ ነው። ልታናድዳት ብላ አልነበረም የጠየቀቻት፤ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ፣ ጀርባዋን ለእናቷ ሰጥታ፣ ፀጉሯን እየተሠራች ነው። ሐመልማል የጀመረችውን ሹሩባ ጠበቅ አድርጋ ጎነጎነች። ድምጿን እንዳትል፣ ድሬዳዋ ውስጥ ከዘፋኟ ከጸዳለ የተሻለ ድምፅ ያላቸው ሞልተዋል። መልኳን እንዳትል፣ በቅርብ ያየቻት በሕይወቷ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

«ዝም ብሎ ይወደዳል» አለች በመጨረሻ። «አሁን አንገትሽን ቀጥ አድርጊ።»

«አየሽ፣ አንቺም አታውቂውም።»

ጠዋት ነበር። የሁለቱም አምባር ገና አልሞቀም።

በዚያን ዘመን የሃዲድ ባንድ ወዳጅ የሆነ የድሬዳዋ ሰው ቀኑን የሚጀምረው በአምባሩ ነው። ፊቱን ከመታጠቡ በፊት አንድ ዘፈን ይከፍታል፤ ጮክ ብሎ አብሮ ይዘፍናል፤ እጁ ላይ ያለው አምባር እስኪሞቅ ይጠብቃል። የሞቀ አምባር ከሰዓት በኋላ የጥላ ቤቱን በር ይከፍታል። ጥላ ቤት ፀሐይዋ ስትበረታ ሰው የሚጠለልበት ቀዝቃዛ አዳራሽ ነው። ያለ እሱ ከሚያዝያ እስከ መስከረም ያለውን ከሰዓት በኋላ ማለፍ ለሽማግሌና ለሕፃን ከባድ ነበር። አምባሩ እንቢ ያለው ሰውም በሰፈሩ ነበረ፤ ስለ እሱ ግን አይወራም።

ሐመልማል ስለ አምባሯ ለማንም ያልነገረችው ነገር ነበራት። የእሷ የሚሞቀው በዘፈኑ አይደለም። ስትጨነቅ ነው። ቤቴል ሳል ሲይዛት ይሞቃል። ቤቴል ከሄደችበት ስትዘገይ ይሞቃል። ቤቴል ለባንዱ ከተመረጠች ወዲህማ ቀኑን ሙሉ ይፈጃት ጀመር። በሰፈሩ «ሃዲድን እንደ ሐመልማል የሚወድ የለም» ይባል ነበር።

ሃዲድ ከባቡር ጥገና ጋራዥ የወጣ የሮክ ባንድ ነው። መጀመሪያ የሚመቱት ድራም የናፍጣ በርሜል ነበር ይላሉ። ወዳጆቹ ራሳቸውን ተሳፋሪ ብለው ይጠራሉ፤ የተሳፈረ አይወርድም ባዮች ናቸው። ኮንሰርቱ ሲያልቅ ዘፋኟ ጸዳለ ጊታሯን ወደ ጀርባዋ ታዞርና፣ እንደ ታክሲ ረዳት ጆሮዋን ወደ ሕዝቡ ዘንበል አድርጋ «ወራጅ አለ?» ትላለች። ሕዝቡ በአንድ አፍ «የለም!» ይላል። ያለዚህ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም።

የቤዝ ጊታር ተጫዋቹን ሐመልማልና ጎረቤቷ መዲና ራሳቸው ቀብረውታል። አፈሩ ሲመለስ ቆመው አልቅሰዋል። በዓመቱ መድረክ ላይ ቆሞ ሲጫወት አዩት። ማንም ተታለልን አላለም። ተመለሰ ነው የተባለው። ድራም መቺውም እንዲሁ ሞቶ ተመለሰ። ጸዳለ ግን ሞተች ተብሎ አያውቅም። አርጅታ ሙቀቱ ስለከበዳት ደንገጎ ተራራ ላይ ነው የምትኖረው፤ በዓመት አንዴ ትወርዳለች። ጉሮሮዋ ስለደከመ ወጣቶች በድምፃቸው ያግዟታል። እነዚህ ወጣቶች «ጉሮሮ» ይባላሉ። በየዓመቱ ተመርጠው፣ በሽቦ በሚሄደው ፉርጎ ወደ ደንገጎ ይወጣሉ። ከወጡት ውስጥ ተመልሶ የወረደ አልታየም። ባንዱን የሚያስተዳድረው ድርጅት፣ ሰው ሁሉ «ቤቱ» የሚለው፣ ደህና ናቸው፣ ቅዝቃዜውን ለምደው ነው ይላል።

ቤቱ ያለ እናት ቃል ማንንም አይወስድም። እናትየዋ ኮንሰርቱ ላይ ሕዝብ ፊት ቆማ «ፈቅጃለሁ» ማለት አለባት። ሌላዋ እናት በዚህ ትደሰታለች፤ መከበር ነው ትላለች። ሐመልማልን እንቅልፍ የነሳት ግን ይኸው ነው። ቤቴል ትልቅ ሰው ናት። ለሥራም፣ ለትዳርም፣ አገር ለቆ ለመሄድም የእናቷን ፈቃድ የሚጠይቃት የለም። ለዚህ ለምን ተፈለገ?

በሳምንቱ ቅዳሜ መዲና ትኩስ ፈጢራ ይዛ መጣች። የመዲና ልጅ ፉአድ ካቻምና ተመርጦ የወጣ ነው። ዓርብ ዓርብ ድምፁ በአምባሯ በኩል ይመጣል። አንድ ሰፈር አድገው፣ አንድ ኮንሰርት ላይ ጫማቸውን የጣሉ ሴቶች ናቸው፤ የሚደባበቁት ነገር አልነበራቸውም።

«ትናንት ፉአድ ምን አለሽ?» አለች ሐመልማል።

«ደህና ነኝ አለ። ብርዱ ብቻ ነው አለ። ደግሞ ሳቀ።»

«ስለ እግርሽ ጠየቀሽ?»

መዲና ከረመዳን ወዲህ ታነክሳለች። «ነገርኩት።»

«ጠየቀሽ ወይ ነው ያልኩሽ።»

«አቦ ሐመልማል! ፖሊስ ነሽ እንዴ? ወንድ ልጅ መቼ ነው የእናቱን እግር ጠይቆ የሚያውቀው? እሱ የሚጠይቀው ምሳ ምን እንደተሠራ ነው።»

«ፉአድ ግን ይጠይቅ ነበር።»

መዲና ፈጢራውን ቆርሳ አቀበለቻት። ከዚያ ቀና ብላ አላየቻትም። «ብዪ» አለች። «ይቀዘቅዛል።»

ሐመልማል ማንበብ መማር የጀመረችው ባሏ ከሞተ በኋላ ነው። በእሷ ዕድሜ ያለ ሰው ብዙው ፊደል አልቆጠረም፤ ጆሮ ውስጥ የሚገባው አንባቢ ሁሉን ነገር ያነብላቸው ነበርና ማንም አልተቸገረበትም። አንባቢው መጥፎ ነገር ሲያጋጥመው አለስልሶ እንደሚያነብ የሰማችው ግን ባሏን ከቀበረች በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ጆሮዋን አላመነችውም። ጋሽ ሙራድ የሚባሉ ጡረታ የወጡ መምህር ቀፊራ ገበያ አጠገብ አንድ ክፍል ይዘው ጎልማሶችን ያስተምራሉ ሲባል ደብተር ገዝታ ሄደች። ማታ ቤቴል ደብተሯን እያየች ትስቅባት ነበር። «የእኔ እናት ሀን እንደ ዶሮ እግር ነው የምትጽፈው» ትላለች። ሐመልማል አይከፋትም።

ኮንሰርቱ አንድ ሳምንት ሲቀረው ጋሽ ሙራድ ሰሌዳው ላይ ሁለት ቃል ጻፉና ወደ እሷ ዞሩ።

«እስቲ ሐመልማል፣ አንብቢልን።»

ተነሳች። ጣቷን አየር ላይ እያስኬደች በቀስታ ለቀመችው። «ወ፣ ራ፣ ጅ። ወራጅ። አ፣ ለ። አለ።» «አለ»ን ያነበበችው አላልታ ነው፤ «እንዲህ አለ» ሲባል እንደሚባለው።

ጋሽ ሙራድ ጆሯቸውን ቀሰሩ። «ወራጁ አለ? ምን አለ?»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። አብሯት የሚማረው ሽንኩርት ሻጭ ጠረጴዛ መታ። «ሂሳብ መልስልኝ አለ!» ብሎ ጮኸ ከኋላ። ሐመልማልም የገባት ያኔ ነው፤ በልጅነቷ ታክሲ ውስጥ በቀን ስንት ጊዜ የሰማችው ቃል ነው። አፏን ይዛ ሳቀች።

«አትፈሪ፣ የሁሉም ጀማሪ ስህተት ነው» አሉ ጋሽ ሙራድ። «ፊደሉ የቱ ጋ እንደሚጠብቅ አይነግርሽም። ታክሲ ተሳፍሮ የሚያውቅ ሰው ያጠብቀዋል። ተሳፍሮ የማያውቅ እንዳየው ያነበዋል።»

ኮንሰርቱ ዓርብ ዋለ። እንደ ልማዱ ሙቀቱ ሳይመጣ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ በአሮጌው ባቡር ጣቢያ ሜዳ ላይ ሕዝቡ ሞላ። ሽማግሌዎች የልጅነታቸውን ጥቁር ቲሸርት ሆዳቸው ላይ ወጥረው መጥተዋል። ከዘራ የያዙ አሉ። አንዲት ሴትዮ ኦክስጅኗን በጋሪ እየጎተተች ከፊት ተራ ቦታ ያዘች፤ ሰውም አሳለፋት። ከመድረኩ በስተቀኝ ፉርጎው በሩን ከፍቶ ቆሟል። የተመረጡት ሰባት ልጆች በሩ አጠገብ ተሰልፈዋል። ቤቴል ከዳር ናት።

ጸዳለ ወጣች። ነጭ ፀጉር፣ ጥቁር የቆዳ ጃኬት፣ ቀጭን እግር። ከሩቅ ሲያዩዋት ሰው ናት። ጊታሩ ሲጀምር የሜዳው ጠጠር ተንቀጠቀጠ፤ የሐመልማልም ደረት እንደ ድሮው ተከፈተ፤ ይህን መካድ አትችልም። ከዚያ ግን ማዳመጥ ጀመረች። ዘፈኑ አንድም ስህተት አልነበረበትም። ድሮ ጸዳለ ሁለተኛው አዝማች ላይ ትንፋሽ ያጥራት ነበር፤ የጎደለውን ቃል ሕዝቡ ይሞላላት ነበር። ዛሬ ሰው አፉን ከፍቶ ጠበቀ። የሚሞላ ነገር አልነበረም።

ዘፈኖቹ አለቁ። ጸዳለ ጊታሯን ወደ ጀርባዋ አዞረች። ጆሮዋን ዘንበል አደረገች።

«ወራጅ አለ?» አለች።

አላልታ ነው ያለችው። ልክ ሐመልማል ሰሌዳው ላይ እንዳነበበችው።

ሜዳው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ምራቁን የዋጠ መሰለ። ከዚያ «የለም!» አለ፤ ከወትሮው ይልቅ ጮክ ብሎ፣ ደረቱን እየመታ።

«ሰማሽ?» አለች ሐመልማል።

«ምኑን?» መዲና ፊቷን አላዞረችም።

«አላላችው።»

«ደክሟት ነው። አሮጊት አይደለችም እንዴ?»

«ሰው ሲደክመው አፉ የለመደውን ነው የሚናገረው መዲና። ይቺ እያነበበች ነው። ተሳፍራ አታውቅም።»

«ሐመልማል፣ በእናትሽ» አለች መዲና፤ አሁን ድምጿ ተቀይሯል። «ዛሬ ዓርብ ነው። ተይኝ።»

ሐመልማል ዙሪያዋን አየች። ቲሸርት የለበሱት ሽማግሌዎች መሬት መሬት ያያሉ። ሁሉም ሰምቷል። ሁሉም ሌላው አልሰማም ብሎ ዝም ብሏል። አምባሯ እጇን ሊያቃጥላት ደረሰ። በሰው መሐል እየተጋፋች ወደ ፉርጎው ሄደች።

«ሰማሽው?» አለቻት ቤቴልን።

«ሰማሁት።»

«እና?»

«እናማ፣ ለዚህ ነው የምሄደው።» ቤቴል ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ድምጿ ግን ቀጥ ያለ ነው። «እዚያ ላይ እንዴት እንደሚባል የሚያውቅ የለም ማለት ነው። አንድ ሰው እንኳ ይኑር እንጂ። እኔ ካልሄድኩ ከርሞ ዘፈኖቹን በሙሉ እያነበቡ ይጨርሷቸዋል።»

«ጸዳለስ? በሕይወት አለች?»

«እኔ እንጃ። የቤዙም ሰውዬ የለም። አንቺ ግን በየዓመቱ ቆመሽ ታጨበጭቢለታለሽ።»



እናቶች መጠራት ጀመሩ። አንዷ «ፈቅጃለሁ» ብላ እልል አለች። ሌላዋ እያለቀሰች ተናገረች። ድምፃቸው በትልልቁ ድምፅ ማጉያ ሜዳውን ይሞላዋል። ልጆቹ አንድ በአንድ ፉርጎው ውስጥ ገቡ። በመጨረሻ የቤቴል እናት ተባለች። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ የቤቱ ሰው ማይክሮፎኑን ወደ አፏ አስጠጋላት።

ሐመልማል አፏን ገጠመች። ሌላ ያሰበችው ዘዴ አልነበራትም። ካልተናገርኩ አይወስዷትም፤ ይኸው ነው የምታውቀው። ከንፈሯን በጥርሷ ይዛ ቆመች።

«ፈቅጃለሁ። በሰላም ውጪ፣ የኔ ልጅ» አለ ድምፅ ማጉያው።

የራሷ ድምፅ ነው። ጠዋት ጠዋት ከአልጋዋ ሳትነሳ ለአምባሯ የምትዘፍንበት፣ ጫፉ ላይ ትንሽ የሚሻክር፣ የራሷ ድምፅ። ሕዝቡ ጮኸ። ከኋላዋ አንድ ሰው ጀርባዋን እየመታ «ጎበዝ እናት!» አላት።

የቤቱ ሰው የቤቴልን ክንድ ይዞ ወደ በሩ መራት። እሷ ግን አንድ እግሯን ፉርጎው ላይ እንዳደረገች ዞራ ቀረች። እናቷን ነበር የምታየው። ዓይኗን አይደለም፤ አፏን።

«እማዬ፣ አፍሽ አልተንቀሳቀሰም።»

«አልተናገርኩም።»

«ያንቺ ድምፅ ነው እኮ።»

«የኔ ነው። እኔ ግን አልተናገርኩም።»

የቤቱ ሰው በትሕትና ፈገግ አለ። «ድንጋጤ ነው፣ እናቴ። አይዞዎት። ከተናገሩ በኋላ ሁሉም እናቶች አልተናገርንም ይላሉ።»

መዲና እያነከሰች ደርሳ ኖሯል። ይህን ስትሰማ ከወገቧ ቀና አለች። «ሁሉም?» አለች በቀስታ። «እኔም ካቻምና ያልኩ አልመሰለኝም ነበር። ፉአድ ሲለይሽ ደንግጠሽ ነው አሉኝ።»

ሐመልማል የልጇን እጅ ያዘች። በዚያች ሰዓት፣ በዚያ ጩኸት መሐል፣ ያን ጠዋት የጠፋባት መልስ መጣላት፤ እየተቻኮለች ተናገረችው።

«ያንቺን ዕድሜ ሳለሁ እዚሁ ሜዳ ላይ ሰው አጥሩ ላይ አጣበቀኝ። ትንፋሽ አጠረኝ። ልጮህ ስል ሌላ ቃል አልመጣልኝም፣ ወራጅ አለ ብዬ ጮህኩ። እንደ ታክሲ። ሰማችኝ፣ ቤቴል። ድራሙን አስቆመችው። ማናት? ወራጅ አለ? ክፈቱላት፣ አለች። ሰው እየሳቀ በእጁ አሳልፎ አወረደኝ፤ ውሃ እስክጠጣ ድረስ ቆማ ጠበቀችኝ። ከዚያ ወዲህ ነው በየኮንሰርቱ መጨረሻ የምትጠይቀው። እኛ ቀልድ አደረግነው። ለእሷ ግን ጥያቄ ነበር። ስትጠይቅ መልስ ትጠብቅ ነበር። እሱን ነው የወደድኩላት።»

ቤቴል ወደ መድረኩ ተመለከተች። ጸዳለ ከሕዝቡ በላይ አንድ ነገር እያየች ቆማለች። ፈገግታዋ ከቅድሙ አልተለወጠም። ጆሮዋ አሁንም ዘንበል እንዳለ ነው።

ቤቴል እግሯን ከፉርጎው ላይ አነሳች።

«አይወረድም!» አለ አንድ ድምፅ። «አይወረድም!» አሉ ሌሎች። በክፋት አልነበረም፤ እንዲያውም በፍቅር ነው የሚመስለው፤ እየሳቁ ትከሻዋን ወደ ፉርጎው ይገፋሉ። «ሂጂ የኔ ቆንጆ፣ ዕድልሽን አትግፊ!» ይሏታል። ዙሪያው ግድግዳ ሆነ። ሐመልማል ልጇን በደረቷ ይዛ ሰዉን ለመግፋት ሞከረች። የሚከፈት ነገር አልነበረም።

ያኔ መዲና ጮኸች። ከአሮጌ ታክሲ የኋላ ወንበር እንደሚጮህ፣ አጥብቃ፣ ጎትታ፣ ተቆጥታ ነው የጮኸችው።

«ወራጅ አለ!»

ሰው ሳያስበው ታዘዘ። በሽማግሌዎቹ አካል ውስጥ የቆየ ልማድ ነው፤ አንዱ ጉልበቱን ወደ ጎን አዞረ፣ ሌላው ትከሻውን ሰበሰበ፣ ኦክስጅን የምትጎትተው ሴትዮ ጋሪዋን ወደ እግሯ ሳበች። ለአንድ ሰው የምትበቃ ቀጭን መንገድ ተከፈተች። ሐመልማልና ቤቴል በእሷ ወጡ። ከኋላቸው የፉርጎው በር ተዘጋ፤ ሽቦው መጮህ ጀመረ።

ከሰዓት በኋላ የጥላ ቤቱ በር እንቢ አላቸው። አልተከራከሩም። ሁለቱም አምባራቸውን ፈትተው ደፉ ላይ አስቀመጡት። ሐመልማል ሽንሌ ወንድም አላት፤ ግቢው ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ ከመሬት በታች ቀዝቃዛ ክፍል ሠርቷል። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ልብሳቸውን አሰሩና መዲና ጋ ሄዱ።

መዲና ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች። አምባሯን ጆሮዋ ላይ አድርጋለች።

«ተነሽ እንሂድ» አለቻት ሐመልማል። «ለአንቺም ቦታ አለ።»

«እስካሁን አልመጣም» አለች መዲና። «አሁን ይመጣል። ዓርብ ሳይናገረኝ አድሮ አያውቅም።»

«መዲና፣ ቅድም ያለ አፌ የተናገረውን ድምፄን እኮ ሰማሽው። አንቺ ነሽ የጮህሽልን።»

«ለእናንተ ነው የጮህኩት።» እጇን ሳታወርድ ቀና ብላ አየቻት፤ ልትስቅም ሞከረች። «እኔ ከሄድኩ ሲናገር ማን ይስማው? እሱ ባይሆንስ? እሱ ቢሆንስ? ሂጂ አቦ፣ ይመሽባችኋል።»

አምባሩ ውስጥ አንድ ወጣት ሳቀ። መዲና ዓይኗን ጨፈነች።

በዚያን ቀን ስድስት ልጆች ወደ ደንገጎ ወጡ። ሐመልማልና ቤቴል ወደ ሽንሌ ሄዱ። መዲና ቀረች።